ደሴት ገብቼ፣ ቆብ ደፍቼ

አሌክሳንድሪያ አንድ ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን ሳጥብ ከርሜ፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ባልቲሞር ወደብ ውስጥ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ሥራ አገኘሁ። ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ለሥራ በየቀኑ እዚያ ድረስ መንዳት እብደት ነው ያሉኝ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ከሳህን የሚገላግለኝ ቢሆን ጨረቃ ድረስም እነዳ ነበር።

ደሴቲቱ የሰው እጅ ሥራ ናት። እግዚአብሔር በሦስተኛው ቀን ውሃውን ሰብስቦ የብሱን ሲገልጥ እሷን አላሰባትም። ታሪኳን ፎርማናችን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ይተርክ ነበር። ለትልልቅ መርከቦች መተላለፊያ ሲቆፈር፣ የወጣው ጭቃ የት ይጣል የሚል ጭቅጭቅ ተነሣ። ወደቡ መሀል ግንድ ተተከለ፣ ድንጋይ ተደረደረ፣ ጭቃው በመሀሉ ተደፋ። ሲደርቅ መሬት ተባለና ግብር ተጣለበት። መጀመሪያ የድንጋይ ከሰል ተከመረባት። በዓለም ጦርነቱ ዘመን መርከብ ተሠራባት፤ ጦርነቱ ሲያልቅ እነዚያው መርከቦች እዚያው ተቆራርጠው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ። እኔ ስደርስ በአንድ ጎኗ በረዶ ሲጥል መንገድ ላይ የሚበተን ጨው ተቆልሏል፤ በሌላው ጎኗ ከባሕር ማዶ የመጡ መኪናዎች ተሰልፈዋል። ሥራዬ መኪናዎቹን ከመርከብ እየነዱ ማውረድ ነበር። ቀኑን ሙሉ ላስቲኩ ያልተነሣለት መኪና ስነዳ ውዬ፣ ማታ እየተንፈራገጠች በምትነሣው አሮጌ መኪናዬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

ባሕር ዳር ላለችው እናቴ የምሥራቹን በስልክ ነገርኳት።

«ደሴት?» አለች፤ ድምጿ ዝቅ አለ። «ሴት ይገባል?»

«አይ፣ ወንዶች ብቻ ነን።»

«ሌሊት ትነሣላችሁ?»

«በአሥር ሰዓት።»

«ምን ትለብሳላችሁ?»

«ከላይ ቢጫ። ቆብም ግዴታ ነው።» ሄልሜት ብላት አይገባትም ብዬ ነው።

«ቆብ ደፋህ?»

ቀልድ መሰለኝ። «ደፋሁ እንጂ!» አልኳት እየሳቅሁ።

«ወደህ ነው ልጄ?»

«ወድጄ ነው። ከዚያ ጉድ ወጣሁ፤ አሁን ሰላም አገኘሁ።»

እልልታዋን ለቀቀችው። ለሥራ ዝውውር እልል የምትል እናት ስላለችኝ ኮራሁ።

ሌላ ጊዜ ስደውል፣ «እንዴት ሰነበቱ አባቴ? ይባርኩኝ» አለችኝ። የተሳሳተ ቁጥር መሰለኝ። ጣና ዳር ላደገች ሴት ደሴት ማለት ገዳም መሆኑ፣ ቆብ መድፋትም መመንኮስ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«እማዬ፣ ቆቡ እኮ የፕላስቲክ ነው» አልኳት።

«ትሕትናዎ!» አለች።

ይህ ብቻ ቢሆን ስቄ ባለፍኩት። እጮኛ ነበረችኝ፤ እዚያው ባሕር ዳር አስተማሪ ናት። ወረቀቴ ሲያልቅ ላስመጣት ቀለበት አስሬላት ነው የመጣሁት፤ ዓመታት አለፉ፣ ወረቀቱ ግን አላለቀም። እናቴ ደግሞ ሐቀኛ ሴት ናት። ነጠላዋን አጣፍታ ልጅቷ ቤት ሄዳ፣ «ልጄ መንኗል፤ ልጃችሁን በከንቱ አላስጠብቅም» ብላ ተናግራ ተመልሳለች። ስንት ሽማግሌ የተመላለሰበትን ነገር ቁጭ እንኳ ሳትል አፈረሰችው። ይህን እየነገረችኝ ሳለ የስልክ ካርዴ አለቀ።

አፓርትመንት የሚጋሩኝ ታክሲ ነጂው ጋሼ ነገሩን ሲሰሙ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ምን ትጎለታለህ? ልጅቷን ኮል አድርጋት እንጂ!» አሉኝ። «እንዲህ ያለ ቫኬንሲ አይቆይም፤ ሌላ ሰው አፕላይ ሳያደርግ ፍጠን!»

ሌላ ካርድ ገዝቼ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ደወልኩ፤ ጸሐፊዋ ጠራችልኝ። ጭቃውን፣ ጨውን፣ ቢጫውን ሰደርያ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ሳቀች። ሳቋን እንዴት እወደው እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ።

«መጀመሪያም አላመንኩም» አለች። «ያለ ጥሬ ሥጋ የማትውል ሰው ትመንናለህ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እናትህ ሲናገሩ እፎይ አልኩ» አለች። «መቼ ነው የምትሄጂው እየተባልኩ ስንት ዘመን ኖርኩ። ተወኝ ብል ይስቁብኛል፤ ተውኩት ብል ይረግሙኛል። እግዚአብሔር ወሰደው ሲባል ግን ማንም ምንም አላለኝም። አንድ ሰው ጠይቆኛል፤ ደግ ሰው ነው። እባክህ፣ መነኩሴ ሁንልኝ።»

ተናደድኩ። ልጮህባት አፌን ከፈትኩ፤ ግን ስንት ዓመት ያስጠበቅኋት እኔ ነኝ። «እሺ» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ጋሼ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረጉልኝ።

ከፋሲካ በኋላ አገባች። ለእናቴ ስደውል ከሠርጉ ገና መመለሷ ነበር። ድግሱን፣ የሙሽራዋን መልክ፣ የሙሽራውን ጨዋነት ዘርዝራ ስትጨርስ፣ «ይባርኳቸው እንጂ አባቴ» አለችኝ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «እግዚአብሔር ይባርካቸው፤ ልጅ ይስጣቸው» አልኩ። መጨረሻው ላይ ድምፄ ከዳኝ።

«አቤት!» አለች እናቴ፣ እሷም እያለቀሰች። «ሙሽራውን ሳያውቁት እንኳ በእንባ ነው የሚጸልዩለት።»