ሞስን የሚጠራው ድምፅ

ጆስ ታይሰን በድንጋይ በተካበው በረት ውስጥ ቆሞ ባርኔጣውን በጀርባው በኩል ቀስ አድርጎ አወዛወዘ። ማንም ያየው አልመሰለውም፤ እኔ ግን በሩን ይዤ ቆሜ ነበር። አጠገቡ የነበረችው በግ ደንግጣ ፈቀቅ ስትል በመንጋው መካከል ክፍተት ተገኘ። ዐይኑ የደከመው ውሻ፣ ሞስ፣ ቅድም ያጣውን መንገድ አሁን አይቶ ሰንጥቆ በመግባት ወደ ባለቤቱ ወደ ኤልሲ ቢርኬት ሮጠ። ጀርባዋ ቀይ የተቀባችው የጎረቤት በግ ከመንጋው ተለየች።

«አየህልኝ ጆስ? አርጅቷል ትላለህ!» አሉ ኤልሲ።

«አርጅታለች ያልኩት አንቺን ነው እንጂ!»

በሰሜን እንግሊዝ በካምብሪያ ተራሮች ይህን አለያየት «ሼድ» ይሉታል። በዱላ የሚሠራ አይደለም። ባለቤቱ በወዲህ፣ ውሻው በወዲያ ይቆማሉ፤ ክፍተት ሲገኝ ባለቤቱ ይጠራል፤ ውሻው ድምፁን ተከትሎ በበጎቹ መካከል ይመጣል። ውሻ ሁሉ በበጎች መሃል ማለፍ ይፈራል። የሚደፍረው የሚጠራውን ከወደደ ነው።

ኤልሲ ይህን ከአባታቸው የተማሩት ገና ልጅ ሳሉ ነው። ያኔ በየዓመቱ ተራራ ላይ የተቀላቀሉት በጎች በሚለዩበት ቀን ከየሸለቆው ሰው ወደዚህ በረት ይጎርፍ ነበር። የጠፉት በጎች ለየባለቤታቸው ከተመለሱ በኋላ በአንድ ትልቅ ድስት የበሰለ የበግ ሥጋና ድንች ይበላል፤ ጉሮሮ እስኪዘጋ ይዘፈናል። ዘንድሮ በረቱ ውስጥ ጥቂት ሆነን ቀረን። ለነዚህ ጥቂቶችም እግዚአብሔር ይመስገን።

የኤልሲ ጉልበት ከድቷቸዋል። ቅዳሜ ከተማ ወርደው ውሻ ወደማይገባበት የአረጋውያን ቤት ይገባሉ። መንጋው ተራራውን ስለለመደ፣ እንደ አገሩ ልማድ ከእርሻው ጋር ለአዲሱ ተከራይ ይቀራል። ሞስን ጎረቤታቸው ጆስ ቤቱ ሊያኖረው ሁለት ጊዜ ወስዶት ነበር፤ ውሻው ግን ሁለቴም ካቡን ዘሎ ወደ ኤልሲ ደጃፍ ተመለሰ።

በጎቹ ወጥተው ሲያልቁ ኤልሲ ክንዴን ያዙ።

«የጆስን ባርኔጣ አይቻለሁ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንዳላየሁ ይመስለው፤ ደስ ይበለው።»

ሞስ እግራቸው ሥር ተኝቶ ያለከልካል።

«አንድ ነገር አድርግልኝ፣ ልጄ። ቅዳሜ መኪናው ሲመጣ እኔ ከጠራሁት ተከትሎኝ ይገባል። ጆስ ደግሞ ሆደ ቡቡ ነው፣ አፉ ይተሳሰራል። አንተ ከጆስ ጎን ቆመህ ሞስን ወደ እናንተ ጥራልኝ። ድምፅህን ያውቀዋል። እዚህ በረት ውስጥ እንደምንጠራው፣ ጮክ ብለህ። እኔ ዞሬ አላይም።»