ለአሥር ደቂቃ የተውኳት ሰዓዳ

ጅቡቲ ውስጥ እንደኔ ቀጠሮ አክባሪ ሰው አልተፈጠረም። ወደብ የሚገቡ መርከቦች ሳይቀሩ ሰዓታቸውን በኔ እርምጃ ይሞሉ ነበር። ይህን ጉራዬን ትናንት የእህቴ ልጅ አፈረሰችብኝ። ከትምህርት ቤት ጉዞ ተመልሳ በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ አሳየችኝ፤ ከሰሌን የተሠራ ክብ ጎጆ፣ ከኋላው ባሕር።

«አጎቴ፣ እዚህ ገብተህ ታውቃለህ?»

«ገብቼ ነበር» አልኳት። አወጣጤን አልነገርኳትም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከድሬዳዋ መጥቼ ቡላኦስ ሰፈር በአጎቴ ጨርቅ ሱቅ እሠራለሁ። ሰዓዳ የሐረር ልጅ ናት፤ ፈረንሳዮች ቤት እያደረች ትሠራለች፣ የምትወጣውም በወር አንድ አርብ ብቻ ነው። አሠሪዎቿ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነበርና «አብረሽን ሂጂ» ብለዋታል፤ መልሷንም ቅዳሜ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን አሠሪዎቿ ዕቃ ልከዋት ሱቅ መጥታ ሻሽ የምትመርጥ መስላ፣ «የምትለኝ ነገር ካለህ አርብ በለኝ» አለችኝ።

አርብ በሚኒባስ ከከተማው ጫፍ፣ ባሕር ዳር ወዳለው ጣሪያ አልባ ሙዚየም ሄድን። ወሩ ጥር ስለነበር ነፋሱ ገና ሰው ያከብራል። የአፋርና የሶማሌ ጎጆዎች፣ አሮጌ የእንጨት ጀልባ፣ የዛገ የባቡር ጎማ አለ። እኔ ያለማንም ጥያቄ አስጎብኚ ሆንኩ።

«እዚህች አልጋ ላይ ሰባት ሱልጣኖች ተወልደዋል» አልኳት፣ አንዱ ጎጆ ውስጥ ያለች የጠፍር አልጋ እያሳየኋት።

«ባንድ ቀን?»

«በተራ በተራ።»

ሳቀች። ያን ሳቅ ለማግኘት ስምንተኛ ሱልጣን ልጨምር ምንም አልቀረኝም።

ሰሌን ጎጆው ውስጥ ተቀምጠን በጋዜጣ የተጠቀለለ የተጠበሰ ዓሣና ትኩስ ቂጣ ዘረጋች። ጣቷን ጠርጋ፣ «እሺ፣ አሁን ንገረኝ» አለች።

ልክ ያኔ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ጅቡቲን የማያውቅ ሰው ሰርግ ይመስለዋል። ከኢትዮጵያ የገባው ጫት ወደየሰፈሩ ሲደርስ ነው፤ ሰባት ሰዓት ገደማ ከተማው ሥራውን ጥሎ ይነሳል።

«አሥር ደቂቃ ብቻ ስጪኝ። አንድ እስር ይዤ ልምጣ፤ ያለሱ ምላሴ አይፈታም።»

«አቦ፣ ሱልጣኖቹን ሁሉ ያለ ጫት አይደል እንዴ የወለድካቸው?» አለችኝ። ሳቅ አልነበረበትም። «ዓሣው ይቀዘቅዛል።»

ስመለስ የጎጆው ጥላ ረዝሟል። ጥበቃው ድሬዳዋ የኖሩ የድሮ ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ አማርኛው አልጠፋባቸውም።

«እስከ ዘጠኝ ተኩል ጠበቀችህ» አሉኝ።

«ጫቱ ዘግይቶ ነው፣ አባ።»

የተጠቀለለ ጋዜጣ አቀበሉኝ። «ድርሻውን ስጡልኝ ብላለች።» ስፈታው ዓሣው አጥንቱ አንድ በአንድ ተለቅሞለታል። እዚያው ቆሜ በላሁት።

በሚቀጥለው ሳምንት የፈረንሳዮቹ ቤት በር ላይ ሌላ ዘበኛ፣ ሌላ መኪና አገኘሁ። ሄዳለች።

ትናንት የእህቴ ልጅ ስትተኛ ስልኳን ወስጄ ፎቶውን በሁለት ጣቴ አሰፋሁት፤ የጎጆው በር ጥቁር እስኪሆን ድረስ። ውስጡ ማንን እንደምፈልግ አውቃለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ አያሳፍረኝም። የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ለጥበቃው የነገርኳቸውን ለዘመድ ለጓደኛ ሁሉ ስደግመው ኖሬያለሁ፤ ጫቱ ግን ያን ቀን አልዘገየም። ወዲያው እጄ ገብቷል። ጓደኞቼ ጥላ ስር ሆነው ጠሩኝ፤ ሁለት ቅጠል ብዬ ተቀመጥኩ፤ ሰዓዳን እንዴት አድርጌ እንደምጠይቃት ለእነሱ ሳወራ ዋልኩ።