ሳይፈቀድለት የበላ እንግዳ

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምታጠናው የድሮ ውል ነው፤ አውሮፓውያን ዓለምን በሚቀራመቱበት ዘመን ከቻይና ጋር ስለ ጉምሩክ የተደራደሩትን። እኔ ፊደል ከመቁጠር አላለፍኩም። እሷ ግን እዚህ ባሕር ማዶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር ካለው አፓርትመንታችን መስኮት ሥር ቁጭ ብላ በእንግሊዝኛ ታነብና በአማርኛ ታወጋኛለች።

የጦር መርከቦቹ መድፋቸውን ወደ ወደቡ አዙረው ቆመው ነበር አለችኝ። የአውሮፓውያኑ መልእክተኞች ደግሞ ከመርከብ ወርደው ከቻይና ሹማምንት ጋር ለግብዣ ተቀምጠዋል። ጥያቄያቸው በእናንተ ወደብ የሚከፈለውን ቀረጥ እኛ እንወስን የሚል ነው። ገና እሺ ያላቸው የለም።

"በሉ ወይ?" አልኳት።

"ምኑን አባባ?"

"የቀረበውን ነዋ። የጠየቁት ሳይፈቀድላቸው በሉ?"

ገጹን ወደ ኋላ ገለጠች። "በልተዋል። በደንብ ነው የበሉት።"

በእኛ በወሎ ሽማግሌ ሲላክ፣ ልጅ ለመጠየቅም ይሁን ደም ለማድረቅ፣ እሺ ሳይባል እህል አይቀምስም፤ ተቀመጥ ቢሉትም ይቆማል። ሳይፈቀድለት የሚበላ ሰው ሊጠይቅ አልመጣም፣ ነገሩን ጨርሶ ነው የመጣው አልኳት። ሳቀችብኝ። ይሄንንማ ለፕሮፌሰሬ ኢሜይል አደርገዋለሁ አለች።

በዚያው ሳምንት ሕንጻችንን የገዛው ባለሀብት ወኪል ቤት ለቤት መዞር ጀመረ። ሊያፈርሱት ነው የሚባል ወሬ ከርሟል። ጎረቤቶቼ ማንም የመልቀቂያ ወረቀት ለብቻው እንዳይፈርም ተማምለው፣ በሽበቴ ይሁን እንጃ፣ አንተ ተናገርልን አሉኝ። ወኪሉም ከሰዓት በኋላ እኔ ዘንድ መጣ። እንግዳ ነውና ዳቦና ቴምር አቀረብኩ፤ የልጅ ልጄ አስተረጎመች።

"ገና ምንም አልተወሰነም፤ ፈቃዳችሁን ልንጠይቅ ነው ይላል" አለችኝ።

ይህን ሲል ተቀመጥ ሳይባል መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ዳቦውን ቆርሷል። ቤታችንን አንለቅም፣ የሁላችንም ቃል ነው አልኩት። እያኘከ ራሱን ነቀነቀ። የበላውን ቴምር ፍሬ መስኮቴ ደፍ ላይ አስቀመጠና፣ ገበያ ላይ እንስራ እንደሚመርጥ ሰው ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ። ፈገግ ብሎም የሆነ ነገር ተናገረ።

ልጅቷ ሰሃኑን ነበር የምታየው።

"ምን አለ?"

"ዳቦው ይጣፍጣል፣ ልጨምር ወይ ይላል፣ አባባ።"

ከእንግዳ ፊት ሰሃን አይነሳም። አስጠጋሁለት።