የክብር እንግዳ የማይጠብቁት ጋሽ ወልደየስ

ዛሬ ረፋድ ላይ ሲደወልልኝ "ውሸት ነው" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ትናንት እኮ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ላይ በሞተራቸው ሲያልፉ አይቻቸዋለሁ። የዝናብ ልብሳቸውን ደርበው፣ የሽልማት ደብተር በላስቲክ ጠቅልለው ከኋላ አስረው። ደብተር ጭኖ የሚሮጥ ሰው በማግስቱ ይሞታል?

ይሞታል ለካ። ጋሽ ወልደየስ አርፈዋል። ግፊት ነበረባቸው፤ ጠዋት ደከመኝ ብለው ጋደም እንዳሉ በዚያው ቀሩ።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሽ ወልደየስ ሚዛን ዙሪያ ያሉ ትምህርት ቤቶችን በሞተር እየዞሩ የሚከታተሉ ሱፐርቫይዘር ነበሩ። ከዚያ በፊት ደግሞ የእኔ የስድስተኛ ክፍል ሂሳብ አስተማሪ። ሰኔ ሲመጣ ግን ሌላውን ሁሉ ትተው የሽልማት ቀንን ነበር የሚያሳድዱት።

በእሳቸው ዘመን የሚሸለመው ከአንድ እስከ ሦስት የወጣ ብቻ አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ ያልቀረም ይሸለማል፣ ከመጨረሻ ተነስቶ መሀል የገባም ይሸለማል። ሠራተኛም ይሸለማል። አንድ ዓመት የትምህርት ቤታችንን ደወል የሚደውሉት እትዬ ዘነበች "አንድም ቀን አርፍደው አያውቁም" ተብለው ለምስክር ወረቀት ሲጠሩ ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ወልደየስ የሰዉ ሳቅ እስኪያልቅ ጠበቁና "ጨረሳችሁ? አሁን አጨብጭቡ" አሉ። ተጨበጨበ። ያ ወረቀት ዛሬም እትዬ ዘነበች ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

እንግዳ መጠበቅ ግን አይወዱም ነበር። መቼም የእኛን ነገር ታውቁታላችሁ። ሁለት ሰዓት ተብሎ ተጠርተን የክብር እንግዳው አምስት ሰዓት ይመጣሉ። እስከዚያ ልጆቹ ወይ ፀሐይ ይመታቸዋል ወይ ዝናብ ይወርድባቸዋል።

እኔ ስድስተኛ ክፍል ሦስተኛ የወጣሁ ዓመትም እንዲሁ ሆነ። የምኖረው ሚዛን አክስቴ ዘንድ ነበር፤ አባዬ ሽልማቴን ሊያይ ከሸኮ መጣ። ትምህርት ቤት ግቢ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ወደ ሸኮ የምትመለሰው መኪና አምስት ሰዓት ላይ ትነሳለች፤ እሷ ካመለጠችው ማደሪያ ፍለጋ ነው። አራት ሰዓት ሆነ፣ አራት ተኩል ሆነ፣ እንግዳው የሉም። አባዬ ተነስቶ መንገድ መንገድ ማየት ጀመረ። እኔ እንባዬ መጣ።

ጋሽ ወልደየስ አዩን። መድረኩ ላይ ወጡና "የክብር እንግዳው ተቀምጧል፤ እንጀምር" አሉ። ዳይሬክተሩ ደንግጠው "የታሉ?" ሲሏቸው፣ ፊት ለፊት መሬት ላይ የተቀመጥነውን ልጆች በእጃቸው አሳዩዋቸው። የእኔ ስም ሲደርስ ሽልማቱን አባዬ እንዲሰጠኝ ጠሩት። በጭቃ ቦቲው መድረክ ላይ ወጣ። ማንበብ አይችልም፤ ምስክር ወረቀቱን ገልብጦ ነው የሰጠኝ። ግን እሱ ሰጠኝ፣ መኪናዋም አላመለጠችውም። አስተማሪ ለመሆን የቆረጥኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ያቺ ንግግር መታወቂያቸው ሆነች። ስብሰባ ሲዘገይ እኛ መምህራን እየተቀላለድን "የክብር እንግዳው ተቀምጧል" እንባባላለን።

በዚህ ሁሉ ዓመት የእሳቸው ስም አንድም ቀን ለሽልማት ተጠርቶ አያውቅም። ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት እሳቸው፣ የሚያነቡትም እሳቸው። ሰው ራሱን አይጽፍ ነገር፤ እኛም ልብ ብለን አናውቅም። ዘንድሮ የሽልማት ኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ስሆን ተደብቀን መጨረሻው ላይ ስማቸውን ጨመርን። ጋቢ ገዛን። ምስክር ወረቀቱንም ፍሬም ውስጥ አስገባነው።

በዓሉ ያለፈው ቅዳሜ ነበር የሚሆነው። አርብ ዕለት ተደውሎ፣ እንግዳው ስብሰባ ስላለባቸው በሳምንት ይገፋ ተባለ። ጋሽ ወልደየስ እሺ አላሉም። ልጆቹ ልብሳቸውን አጥበው ጨርሰዋል፣ ወላጅ ከገጠር ተጠርቷል፣ በቀኑ ይሁን አሉ። ሌሎቹ የኮሚቴው አባላት እኔን አዩ። እኔ ደግሞ ጋቢውን አንድ ትልቅ ሰው እንዲያለብሳቸው ፈልጌያለሁ። ክብራቸው ከፍ እንዲል ብዬ እኮ ነው። "እንጠብቅ" አልኩ።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

"አስቴር፣ አንቺ ነሽ ጠብቁ የምትይው?"

ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ፤ በዓሉም ለዚህ ቅዳሜ ተገፋ። ምክንያቴን እንዳልነግራቸው ምስጢሩ ይወጣል። ትናንትም በሞተር ሲያልፉ ልጠራቸው አልኩና ተውኩት። ቅዳሜ ጋቢውን ሲለብሱ ይገባቸዋል፣ ያኔ እንታረቃለን አልኩ። ከዛሬ ሁለት ቀን ብቻ ነበር የቀረው። ይኸው ጋቢው ቢሮዬ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደታጠፈ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሣጥኑን መክፈት አልቻልኩም።

ጋሼ፣ ነገ እንሸኝዎታለን። ቅዳሜ ደግሞ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ እንጀምራለን። ለኮሚቴው ነግሬያለሁ፤ የመጣ ይምጣ፣ የቀረ ይቅር። ከመጨረሻ የጻፍነውን ስምዎን መጀመሪያ አድርጌዋለሁ። ጋቢውን ባለቤትዎን የሚያለብሷቸው እትዬ ዘነበች ናቸው። እኔ ማንበብ ካቃተኝ ከልጆቹ አንዷ ታነባለች።

ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ለአባዬ ስላደረጉለት ነገር አንድም ቀን በወጉ አላመሰገንኩዎትም፤ አሁን አመሰግናለሁ። ደህና ይሁኑ ጋሼ፣ ይቅርም ይበሉኝ። የክብር እንግዳው ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላስጀመርኩት።