ከጎረቤት ነው

ዘኔይዴ የምትወደውን ሙዚቃ ደብቃ አታውቅም። ቤሌም ከተማ ውስጥ፣ ጁሩናስ ሰፈር፣ በቤቷ ፊት ለፊት አሳኢ ትሸጣለች። አሳኢ ያገሬው ሰው ከተጠበሰ ዓሣ ጋር የሚበላው ጠቆር ያለ የዘንባባ ፍሬ ጭማቂ ነው። ፍሬውን የሚጨምቀው ማሽን ሲነሳ ሰው ከሰው አይደማመጥም፤ የእሷ ቴፕ ግን ከማሽኑ በላይ ይጮኻል። የሚጮኸውም ብሬጋ ነው፦ የኤሌክትሪክ ጊታር፣ የሚያላዝን ኪቦርድ፣ የተከዳ ወንድ። ብሬጋ ማለት ባገሩ ቋንቋ ቅጥ ያጣ ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት የማይወዱት ሰዎች ናቸው። የሚወዱት ግን ስሙ እስኪታረም ብለው ጭፈራቸውን አላቆሙም።

ከሁሉ አብልጣ የምትወደው አንድ ዘፈን አለ። ዘፋኙ የጋብቻ ቀለበቱን ነገር ያወራል፤ ወንዝ ውስጥ ወረወርኩት፣ ወንዙ ግን መለሰልኝ ይላል። መሃል ላይ ሲደርስ መዝፈኑን ይተውና ጊታሩ ብቻውን ከኋላ እየተንሰቀሰቀ በንግግር ይለማመጣል። እዚያ ላይ ዘኔይዴ ደንበኛ ኖረም አልኖረም ዓይኗን ትጨፍናለች። አንድ ጊዜ መነጽር ያደረገ ደንበኛ፣ «ይሄን ነገር እውነት ትወጂዋለሽ?» ቢላት፣ «ታዲያ በውሸት ይወደዳል?» አለችው። አሳኢውን ግን አላጎደለችበትም።

ባሏ አልዴሚር የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነው። የእሱ ሙዚቃ አንድ ሰው በአንድ ጊታር የሚያንሾካሹክበት ዓይነት ነው። ዘኔይዴ ስለዚያ ሙዚቃ ስትጠየቅ፣ ሰውየው የተኛ ሕፃን እንዳይነቃበት የፈራ ይመስላል ትላለች። አልዴሚር ደግሞ ስለ እሷ ሙዚቃ አስተያየት አይሰጥም፤ ቅንድቡን ብቻ ያነሳል። እንዲህ ሆነው ተጋቡ፣ ሴት ልጃቸውን ዳሩ፣ አብረው ሸበቱ። ቅንድብ ትዳር አያፈርስም።

ትዳሩን አፋፍ ላይ ያደረሰው ሌላ ነገር ነው። አንድ ዓርብ አልዴሚር አዲሷን ርዕሰ መምህርትና የፊዚክሱን መምህር ራት ጋበዘ። ዘኔይዴ ማድ ቤት ዓሣ እየጠበሰች ከቴፑ ጋር ትዘፍናለች፤ ድምጿ ወፍራም ነው፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ ይሰነጠቃል፣ እሷም አትመለስም። ርዕሰ መምህርቷ ፈገግ ብላ፣ «ምንድን ነው እሱ?» አለች። አልዴሚር ተነስቶ የማድ ቤቱን በር ገርበብ አደረገና፣

«ከጎረቤት ነው» አለ። «ምን ይደረግ፣ ሰፈራችን እንዲህ ነው።»

በሩ ገርበብ ነው ያለው፤ አልተዘጋም። ዘኔይዴ ሰማች። ዓሣውን አቀረበች፣ አሳኢውን ቀዳች፣ «ብሉ እንጂ፣ ምነው?» አለች። እንግዶቹ ሲሄዱ መኝታ ቤት ገባች፤ አልዴሚር የሚተኛበትን ተንጠልጣይ አልጋ ከመንጠቆው አወረደች፣ ጠቀለለችና ክንዱ ላይ አስቀመጠችለት።

«ምን ሆንሽ?»

«እኔ? እኔን ምን አገባኝ፣ ጎረቤት ነኝ።»

እሱም አልጋውን ይዞ እህቱ ቤት ሄደ።

ናፍቋታል። ይህን አለመናገር ታሪኩን ማበላሸት ነው። ማለዳ ሁለት ሲኒ ታወጣና አንዱን ትመልሳለች። በዘፈኗ ቢስቅባት ኖሮ እሷም ትስቅበት ነበር፤ ለምዳዋለች። እሱ ግን እሷን ከገዛ ቤቷ አውጥቶ ጎረቤት አደረጋት። ያንገበገባት ይሄ ነው። አሁን ዝም ብላ ብትመልሰው በሌላ ዓርብ ደግሞ ሠራተኛ ትሆናለች።

እዚያ ሰፈር ይቅርታ በጓሮ በር አይገባም። የበደለ ሰው የቫልዶን መኪና ይከራያል። የቫልዶ መኪና ነጭ ነው፤ ጎኑ ላይ ቀይ ልብ ተስሎበታል፣ ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ ተደርድሯል። ደጃፍ ላይ ይቆምና ርችት ይተኩሳል፤ ሰፈሩ ይወጣል። ቫልዶ በማይክሮፎን መልእክቱን ያነባል፣ ዘፈን ይከተላል። መኪና የመጣለት ሰው ዘፈኑ እስኪያልቅ የግቢው በር ላይ ቆሞ መስማት አለበት። ሮጦ የገባ ሰው መተረቻ ሆኖ ይቀራል።

አልዴሚርም መኪናውን ላከ፤ ዘፈኑን ግን እንደራሱ ጣዕም መረጠ። ርችቱ ተተኮሰ፣ ሰው ሁሉ ወጣ። ቫልዶ «የጋራ ታሪካችን ሂደት» የሚል ቃል ያለበት ረጅም ወረቀት አነበበ፤ «ሂደት» ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ሰውየው በጊታሩ ማንሾካሾክ ጀመረ።

ማዶ ያለችው ጎረቤታቸው ዶና ሉሲማር፣ «ቫልዶ! ድምፅ ማጉያህ ተበላሸ እንዴ?» ብላ ጮኸች።

«ደህና ነው! ዘፈኑ ነው እንዲህ!»

«ወይኔ፣ እኔ ደግሞ ጆሮዬ የደከመ መስሎኝ!»

ሕፃናቱ ተበተኑ። አንድ ውሻ መኪናው ሥር ገብቶ ተኛ። ዘኔይዴ ለወጉ እስከ መጨረሻው ቆመች። ሲያልቅ አልዴሚር ከመኪናው ኋላ ወጣ።

«ይቅር በይኝ።»

«የዋሸኸው ለማን ነው?» አለችው።

«ለ... ለእንግዶቹ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ይሄ ሰፈር እንደሆነ ማን እንደሚዘፍን ያውቃል።»

«እንዴት አናውቅ! ጆሮዬን በልታ ጨርሳለች!» አለች ሉሲማር።

 ቫልዶ ለአልዴሚር የመኪናውን በር ከፈተለትና ይዞት ሄደ።

በሚቀጥለው እሑድ፣ የከሰዓቱ ዝናብ እንዳባራ፣ መኪናው ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ የወረደችው ርዕሰ መምህርቷ ናት፤ ጭቃ ላይ አረፈች። ቀጥሎ የፊዚክሱ መምህር ወረደ፤ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው እጁን አጣምሮ ቆመ። ምን እንደተባሉ አልታወቀም፤ ሁለቱም ልደት የመጡ አይመስሉም። ዘኔይዴ ሁለቱን ስታይ እጇን በሽርጧ ጠረገችና የግቢው በር ጋ መጣች። በሩን ግን አልከፈተችም።

ቫልዶ በዚህ ጊዜ ምንም አላነበበም። የቀለበቱን ዘፈን ለቀቀው። የመስኮት መስታወት ተንጫረረ፤ ሰፈሩ ገና ርችቱ ሳይተኮስ ወጣ። ሴቶች አብረው ዘፈኑ። ዘፋኙ መዝፈኑን ትቶ ወደሚያወራበት ቦታ ሲደርስ ቫልዶ የዘፋኙን ድምፅ አጥፍቶ ጊታሩን ብቻ አስቀረና ማይክሮፎኑን ለአልዴሚር ሰጠው።

«እንደምን ዋላችሁ» አለ አልዴሚር፣ እንደ ክፍል ውስጥ።

«ደህና፣ መምህር!» አለ ከኋላ አንድ የቀድሞ ተማሪው።

«ያን ዓርብ ቤቴ ራት የበላችሁ ጊዜ...» ወደ ሁለቱ ዞረ። «የሰማችሁት ዘፈን ከጎረቤት አልነበረም። የምትዘፍነው ባለቤቴ ነበረች። ዓሣውን የጠበሰችው፣ ያቀረበችላችሁ፣ ይህች ናት። እናንተ ፊት አፈርኩባት። ዘኔይዴ ትባላለች።»

«ስሜ ነጻ ወጣ!» አለች ሉሲማር።

ብዙ የሚለው ነበረው። ዘፈኑ ግን ሰው አይጠብቅም፤ አዝማቹ መጣና ቃሉን ዋጠው። ዘኔይዴ እስቅበታለሁ ብላ ነበር፤ እንባዋ ቀደማት። እያለቀሰች ዘፈነች፣ ድምጿ የሚሰነጠቅበት ቦታ ላይ ተሰነጠቀ፣ አልተመለሰችም። ርዕሰ መምህርቷ በጭቃው መሃል ተራምዳ በበሩ ፍርግርግ በኩል እጇን ጨበጠቻትና፣ «ዓሣው ግን በጣም ጥሩ ነበር» አለች። ሌላ ምን ትበል?

ዘፈኑ አለቀ። ሰው ሁሉ ዘኔይዴን ያያል። እሷ ባሏን ታያለች።

«ወደድከው?» አለችው። «ዘፈኑን።»

ሉሲማር ከማዶ በእጇ ምልክት ሰጠችው። ቫልዶም በጆሮው፣ «አዎ በላ፣ ጌታው!» አለው። ለመዋሸት ከዚያ የተመቸ ጊዜ አልነበረም። አልዴሚር መሬት መሬት አየ፣ ማይክሮፎኑም ገና ክፍት ነበር።

«አልወደድኩትም» አለ። ሰፈሩ በአንድ ድምፅ፣ «ውይ!» አለ። «እህቴ ቤት ግን ጸጥታ ነው። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።»

ቫልዶ ራሱን ያዘ። ዘኔይዴ በሩን ከፈተች።