የማር ቀማሹ ጥርስ

መቱ ቅዳሜ ገበያ ማር የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ማሩን ሳይሆን የጋሼ ዲንቃን ፊት ነው። ጋሼ ዲንቃ ነጋዴም ደላላም አይደሉም፤ ቀማሽ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ማር ተራው ጫፍ ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው የቀረበላቸውን ሁሉ በስንጥር ጫፍ ሲቀምሱ ኖረዋል። ቃል አይተነፍሱም። ግራ ዓይናቸው ቀስ ብሎ ከተጨፈነ ማሩ ንጹሕ ነው፤ ፊታቸው ከተኮማተረ ስኳር ተቀላቅሎበታል። ገዢው ይህንን አይቶ ወይ ይገዛል ወይ ያልፋል።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ የቀኝ መንጋጋ ጥርሳቸው ተቦርቡሮ ጣፋጭ ሲነካው ይወጋቸው ጀመር። ባለቤታቸው እትዬ ዘውደነሽ ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጠው አጉመጠመጧቸው፤ ትንሽ ቀለል አላቸው። ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት ይያዙበት አለ፤ ያዙበት፤ ድዳቸው ተላጠ። ቅርንፉድ ነከሱ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ዝም አሰኘውና ሕመሙ ተመልሶ መጣ።

"አንተ ሰውዬ፣ ክሊኒክ ሂድ" አሉ እትዬ ዘውደነሽ።

"ቤቴ ሙሉ መድኃኒት እያለ? ማር ስንቱን ቁስል ያደርቃል! አንድ ጥርስ ያቅተዋል?"

ከዚያች ቀን ጀምሮ ማታ ማታ እራት በልተው፣ አፋቸውን ተጉመጥምጠው፣ የጥርሱ ጉድጓድ ውስጥ ማር ጠቅጥቀው ይተኙ ነበር። ጠዋት ሲነሱ ጉድጓዱ ሰፋ ያለ ይመስላቸዋል። "መድኃኒቱ እየቆፈረ በሽታውን ሊያወጣው ነው" እያሉ ራሳቸውን ያጽናናሉ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ የኖፓ ወረዳው ንብ አርቢ ጉርሙ አንድ ባልዲ ነጭ ማር ይዞ መጣ። ማሩን ሸጦ ክረምቱ ሳይገባ የቤቱን ጣሪያ ሊደፍን አስቧል። ጠጅ ጣይዋ እትዬ ወለተ ማርያም ባልዲውን ገና ሲያዩት ወደዱት፤ እጃቸው መቀነታቸው ላይ ነበር። ጋሼ ዲንቃ ስንጥር ነክረው ቀመሱ።

"እስስስ!" ፊታቸው እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተኮማተረ።

"ውይ፣ ስኳር!" እትዬ ወለተ ማርያም እጃቸውን ከመቀነታቸው አነሱ። ከኋላቸው የቆሙትም ተበተኑ።

"ያ ዋቃዮ! የአምላክ ያለህ!" አለ ጉርሙ። "ኦቦ ዲንቃ፣ ምን በድዬዎት ነው? የእኔ ንብ የስኳር ፋብሪካ በየት በኩል እንዳለ እንኳ አታውቅም!"

ጋሼ ዲንቃ አቀረቀሩ። ማሩ ምንም እንደሌለበት ያውቃሉ፤ የወጋቸው ጥርሳቸው ነው። ግን ማር ቀማሽ ጥርሱ በሰበሰ ሲባል ከዚያ ወዲያ ፊቱን ማን ያምናል? ደግሞ ባለፉት ሦስት ቅዳሜዎችም ፊታቸው ተኮማትሮ ነበር። ስንቱ ሰው ንጹሕ ማሩን ተሸክሞ ተመልሶ ይሆን? ቀና ሲሉ ጉርሙ የባልዲውን ክዳን እየገጠመ ነው።

በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከበርጩማቸው ተነሥተው ተናገሩ። "ማሩ አይደለም! ጥርሴ ነው!"

ማር ተራው በሳቅ አወካ። "ስኳር የተቀላቀለው እሳቸው ውስጥ ነዋ!" አለ አንድ ድንች ሻጭ።

"እንግዲያው ይታከሙና ይቅመሱ" አሉ እትዬ ወለተ ማርያም። "እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ። ሐሰት ከሆነ ግን በርጩማዋን ለማገዶ እወስዳታለሁ።"

ጉርሙ በአንድ እጁ ባልዲውን፣ በሌላው የጋሼ ዲንቃን ክንድ ይዞ ከገበያው በላይ ወዳለው የጥርስ ክሊኒክ ወጣ።

ሳያት የምትባለው ሐኪም መብራቷን አፋቸው ውስጥ አበራች። "ጋሼ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅስዎታል?"

"የለም። ሲነካ ብቻ ነው።"

"እንኳን ቶሎ መጡ። ነርቩ ጋ ስላልደረሰ ይሞላል፤ አይነቀልም። ማታ ሲተኙ ምን ያደርጉበታል?"

"ማር።"

ሐኪሟ መሣሪያዋን አስቀመጠች። "ማታ ምራቅ ይቀንሳል፤ ማሩ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ይቀመጣል። ጀርሞቹ ማሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፣ አሲዱ ደግሞ ጥርሱን ይበላል። ጋሼ፣ ሲቀልቧቸው ነበር እኮ!"

"ከእኔ ባልዲ እንኳ በስንጥር ጫፍ ነው የቀመሱት" አለ ጉርሙ ከበሩ።

ጉድጓዱን ጠርጋ ሞላችው። ነጭ ሽንኩርት ድድ ያቃጥላል፣ ጨው ውሃና ቅርንፉድ ደግሞ ሐኪም ጋ እስኪደርሱ ብቻ ነው አለቻቸው። በቀመሱ ቁጥር በውሃ እንዲጉመጠመጡ፣ ማታም ሳይቦርሹ እንዳይተኙ አስጠነቀቀቻቸው።

ከማደንዘዣው የተነሣ ግማሽ ፊታቸው እንደ ሌላ ሰው ፊት ሆኖ ነበር። ገበያው እየሳሳ ሄደ። ጉርሙ ባልዲው ላይ ተቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ "አሁንስ?" ይላል፤ እሳቸውም ጉንጫቸውን ቆንጥጠው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ቁንጥጫው አመማቸው። ስንጥሩን ማሩ ውስጥ ነክረው ቀመሱ።

ግራ ዓይናቸው ቀስ ብሎ ተጨፈነ። ከዚያ ታይቶ የማያውቅ ነገር ሆነ፤ ቀኝ ዓይናቸውም ተከተለ።

"በቃ፣ እንቅልፍ ሳይወስድዎ!" አሉ እትዬ ወለተ ማርያም፤ ባልዲውን ግን በሁለት እጃቸው ወደ ራሳቸው ስበውት ነበር።

በሳምንቱ ጉርሙ ተመልሶ መጣና አንድ እስር መፋቂያ በርጩማዋ ሥር አስቀመጠ።

"ሐኪሟ ብሩሽ ነው ያዘዘችኝ" አሉት ጋሼ ዲንቃ።

"ብሩሹ ለማታ፣ ይሄ ለገበያ። ኦቦ ዲንቃ፣ ከእንግዲህ ያ ጥርስ የእርስዎ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ ጣሪያዬን የደፈንኩበት ነው።"