የቦረቦርነው ግድግዳ

አባቴ ግንበኛ ነበር፤ ቤታችንንም የሠራው ራሱ ነው። የጓዳውን ግድግዳ በድንጋይና በጭድ ጭቃ ክንድ ሙሉ አወፍሮ ስለገነባው የጮቄ ብርድ እንኳ አይበሳውም እያለ ይመጻደቅ ነበር። ጣልያን ደብረ ማርቆስን ከያዘ በኋላ ጭኑን በጥይት ተመትቶ ከዱር ሲመለስ የደበቅነው እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው። በሩን በጤፍ ጎታ ዘጋነው። እሳት ልናነድለት አልቻልንም፤ በጓዳው ጣራ ጭስ ከወጣ ባንዶቹ ይጠረጥራሉ። ያን ያህል ደም የፈሰሰው ሰው ደግሞ ሙቀት ካላገኘ አይተርፍም።

እኔና እናቴ ታዲያ ግድግዳውን ከምድጃው በኩል መቦርቦር ጀመርን። መጀመሪያ ሰፊና ክብ አድርገን ፈለፈልነው፤ አባቴ በጎታው አናት በኩል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምንም እንዳልደረሰው ነገረን። ጠባብና ጥልቅ ስናደርገው ሙቀቱ በአንድ ቦታ ብቻ ተሰማው። ሞያው መቼ ይለቀዋል፣ ተኝቶ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ያዝዘን ጀመር፤ አፉን አጥብቡት፣ ውስጡን በሦስት ቅርንጫፍ ክፈሉት፣ ወደ እኔ ሊበሳ ሁለት ጣት ሲቀረው አቁሙ። በአራተኛው ቀን ፍሙን ወደ ውስጥ ስንገፋው፣

“አሁን ጀርባዬ ሞቀ” አለ። ጭቃ በጭቃ እንደሆንሁ ሳቅሁ።

የጥምቀት ዋዜማ ደረሰ። በእኛ አገር ለበዓል ቤቱን ሳይመርግ የሚውል የለም። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ እኔ ባለሙያዋ እበቱን ከጤፍ ጭድ ጋር ለውሼ የምድጃውን ጀርባ አሳምሬ መረግሁት። የጉድጓዶቹንም ውስጥ ወፈር አድርጌ ለቀለቅሁት፤ የተቦረቦረውን ግድግዳ ሰው ራቁቱን እንዳያየው አፍሬ።

ምርጊቱ ሳይደርቅ አራት ባንዶች ሊያድሩብን መጡ። ሦስት ቀን ከምድጃው ዙሪያ አልተነሡም። እሳቱ ይንቦገቦጋል፤ እኔ ሞኟ፣ ይህ ሁሉ እሳት ለአባቴም ይተርፋል ብዬ ተጽናናሁ። በማግስቱ እናቴ እንጨት ልትጨምር ጎንበስ ስትል ጉድጓዶቹን አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

“ጭድና እበት ሙቀት አያሳልፍም። አባትሽ ቤቱን በጭድ የሠራው ለምን መሰለሽ?” አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንደገፋሁት አላውቅም። በጥፍሬ ብፍቀው ይለቅ ነበር፤ ግን አራት ሰው እያየኝ እንዴት አድርጌ? ውሃ እያቀበልሁ፣ እንጨት እየጨመርሁ፣ ግድግዳውን አፍጥጬ ከማየት በቀር ያደረግሁት የለም።

ሲሄዱልን ጎታውን ገፋነው። አባቴ የጋቢውን ጫፍ እንደነከሰ ደርቋል። ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ እንዳይሰሙት ነው።

እናቴ እስክትሞት ድረስ የገደለው ጥይቱ ነው ትለኝ ነበር። አንድ ቀንም አላመንኋት።